ነዳፊውም ተቆጣጣሪውም፦ ቶማስ ጀፈርሰንና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግንባታ

ቶማስ ጀፈርሰን (እ.ኤ.አ. 1743–1826) በይበልጥ የሚታወቁት የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ በማርቀቃቸውና የሀገሪቱ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ነው። የሕይወታቸው የመጨረሻ ዐሥር ዓመታት ግን በአብዛኛው ያለፉት በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ ነበር። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ካምፓስ በማን ቁጥጥር ሥር መስፋፋት አለበት ለሚለው ጥያቄ፣ ከፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ይልቅ ይህ የእርጅና ሥራቸው የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል።

ጅምሩ የአካባቢ መዋጮ ነበር። በሻርሎትስቪል አቅራቢያ ለታሰበው ሴንትራል ኮሌጅ ጀፈርሰን 1,000 ዶላር ለመስጠት ሲፈርሙ ጎረቤቶቻቸውም ተከተሏቸው፤ የመሠረት ድንጋዩም በ1817 ተጣለ። በቀጣዩ ዓመት የቨርጂኒያ ምክር ቤት ከትምህርት ፈንዱ በየዓመቱ 15,000 ዶላር ለአንድ ዩኒቨርሲቲ መደበና ቦታውን የሚያጠና 24 አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋመ። ሮክፊሽ ጋፕ ላይ የተሰበሰበው ይህ ኮሚሽን ከሌክሲንግተንና ከስታንተን ይልቅ ሴንትራል ኮሌጅን በ16 ድምፅ መረጠ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት የሴንትራል ኮሌጅን ሕንፃዎች የነደፉት ጀፈርሰን ራሳቸው ናቸው።

በ1819 የወጣው ማቋቋሚያ ሕግ በቁጥጥር ረገድ ደካማ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲውን የሚመራው በአገረ ገዥው የሚሾም ሰባት አባላት ያሉት ቦርድ ሲሆን፣ ወጪውንና የሥራውን ሁኔታ በየዓመቱ በዝርዝር እንዲያሳውቅ፣ ሪፖርቱም ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ሕጉ አስገድዷል። ችግሩ ከአፈጻጸሙ ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ ጀፈርሰን ሆኑ፤ ግንባታውን በቅርብ የሚከታተለው ኮሚቴም እርሳቸውና ጆን ሃርትዌል ኮክ ብቻ ነበሩ። ኮክ የተማሪዎቹ ክፍሎች ጣሪያ ጠፍጣፋ መሆኑን ተቃውመው ነበር፤ ንድፉ ግን አልተለወጠም። ጣሪያዎቹም አፈሰሱ።

ወጪው ከግምቱ እያለፈ ሲሄድ በ1820፣ በ1821ና በ1823 በእያንዳንዱ ዙር 60,000 ዶላር ከፈንዱ ተበደሩ። በሪችመንድ የምክር ቤቱን ቅሬታ የሚጋፈጡት ሴናተር ጆሴፍ ካቤል ነበሩ። ብዙዎች ዩኒቨርሲቲው ባለው ክፍል ቢያንስ ማስተማር እንዲጀምር ይጠብቁ ነበር። ጀፈርሰን ግን ሕንፃው በሙሉ ሳይቆም በሩ እንዲከፈት አልፈቀዱም፤ ግማሹ ተሠርቶ ከተከፈተ ለቀሪው ገንዘብ የሚሰጥ አይገኝም ብለው ያምኑ ነበርና። ስሌቱ ሠርቷል፤ በ1824 ምክር ቤቱ የብድሩን ሸክም አነሣላቸው። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ሪፖርቱን ከሞላ ጎደል ትርጉም አሳጥቶታል፤ የምክር ቤት አባላቱ ሪፖርቱን ሲያነቡ ገንዘቡ ጡብ ሆኖ ቆሟል፤ የቀራቸው ምርጫ መጨረስ ወይም ፍርስራሽ መታቀፍ ነበር። ሪፖርቱ ሐሰት ነበር ለማለት አይደለም፤ የደረሰው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህ ክርክር ፈጽሞ ውጭ የነበሩ ሰዎችም አሉ። መሬቱን የደለደሉት፣ ጭቃውን አቡክተው ጡብ የሠሩት፣ ዕቃውን የተሸከሙት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹንም ዩኒቨርሲቲው ከባለቤቶቻቸው ይከራይ ነበር። በሒሳቡ መዝገብ ውስጥ ኪራያቸው በወጪነት ሰፍሯል፤ ሕዝብ ተብሎ በምክር ቤቱ በተወከለው ወገን ውስጥ ግን አልተቆጠሩም። ባሪያዎች የነበሯቸው ጀፈርሰን ይህን በቁጥጥሩ ላይ እንደ ጉድለት አላዩትም፤ ምክር ቤቱም አልጠየቀም። የዚያን ዘመን የሕዝብ ቁጥጥር የሚመዝን ጥናት ከሪፖርቶቹ አልፎ ወደዚህ መዝገብ መግባት የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

ዩኒቨርሲቲው በማርች 1825 ተማሪዎችን ተቀበለ። ጀፈርሰን በጁላይ 4 ቀን 1826 ሲሞቱ፣ በሮም ፓንቴዮን አምሳል በግማሽ መጠን የነደፉት ባለ ጉልላቱ ሮቱንዳ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። የሰብሳቢነቱን ቦታ ከቀሪው ሥራ ጋር ጄምስ ማዲሰን ተረከቡ።