አባ ጎርጎርዮስ፣ የጀርመኑ ሊቅ አስተማሪ

ስለ አገራችን የውጭ አገር ሰዎች የጻፉት መጽሐፍ እጅግ ብዙ ነው። እኛም ተማሪዎች የታሪክ ጥናት ስናቀርብ አዘውትረን የምንጠቅሰው እነርሱን ነው። ነገር ግን እነዚያ ሊቃውንት ዕውቀቱን ከማን አገኙት ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ፣ ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ የአማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ሆነው እናገኛቸዋለን። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ሲሆኑ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ሮማ ሃይማኖት ካዘነበሉት ካህናት ወገን ነበሩ። አፄ ፋሲለደስ በ1632 ነግሠው ኢየሱሳውያንን ባስወጡ ጊዜ እርሳቸውም ተሰደዱ። በመጨረሻም ሮማ ደርሰው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ዕድሜው 25 ገደማ የሆነ የኤርፉርት ሰው ወደዚያ መጣ። ወጣቱ ግዕዝን ያጠናው ከመጽሐፍ ብቻ ስለ ነበር ቋንቋውን ከሚናገር ሰው አፍ ለመስማት ይመኝ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግዕዙን አቀኑለት፤ አማርኛንም አስተማሩት። ከተለያዩም በኋላ ይጻጻፉ ነበር። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት አባን ወደ ጀርመን አስጠራቸው። በፍሪደንሽታይን ግንብ ለጥቂት ወራት ተቀምጠው ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ሕዝቡና ስለ አገሩ አቀማመጥ ሲጠየቁና ሲመልሱ፣ መልሳቸው ይጻፍ ነበር። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን መርከባቸው በእስክንድሮና አጠገብ ተሰብሮ ሞቱ።

ከዚያ ጥያቄና መልስ የተገኘው ፍሬ ትልቅ ነው። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ በመጀመሪያ የታተመውን የአማርኛ ሰዋስው አወጣ። በዚያው ዘመን አውሮፓ ስለ ቻይና የሚያውቀው በአብዛኛው እዚያ የኖሩት ኢየሱሳውያን የጻፉትን ነበር፤ ከሉዶልፍ ጋር ይጻጻፍ የነበረው ፈላስፋው ላይብኒትስ በ1697 ስለ ቻይና ያወጣው መጽሐፍም የእነርሱን ጽሑፍ የሰበሰበ ነው። ሉዶልፍ ግን የኢየሱሳውያንን መጻሕፍት ቢያነብም፣ የአገሩን ተወላጅ አስቀምጦ ጠየቀ። የመምህሩን ስም አልደበቀም፤ በ1691 ባሳተመው ማብራሪያም መልካቸውን አስቀርጾ አስገባ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ጉድለት አለው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዐይኑ ሳያይ በ1704 ሞተ። ጎታ በ1663 የላከው ተማሪው ቫንስሌበንም ከግብፅ አላለፈም። ስለዚህ ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው የአንድ ስደተኛ ካህን ትዝታ፣ ለሊቃውንቱ የሰፊው አገር ዋና ምስክር ሆነ። ጀርመን ከአፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋለችው በ1905 ነው፤ በማግሥቱም ዓመት ሊትማን አክሱምን ሊያጠና መጣ።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ፈረንጅን መውቀስ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ የሚያውቁትን ሲናገሩ የሚጠይቅና የሚጽፍ ተማሪ የተገኘው ጎታ ነበር። ዛሬ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት መሬቱንና መንደሩን የሚያውቁ አዛውንት አሉ። ከዚያ በየማለዳው አውቶቡስ ተጋፍተን ስድስት ኪሎ የምንደርስ ተማሪዎች፣ እነዚህን አባቶችና እናቶች ጠይቀን የነገሩንን ከነስማቸው ብንጽፍ፣ የልጅ ልጆቻችን የሰፈራቸውን ታሪክ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልጋቸውም።