አኒ ኦክሊ፦ ለትከሻዋ የሚስማማውን ጠመንጃ የመረጠችው የገበሬ ልጅ

በዓለም የዒላማ ተኩስ ታሪክ ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚጠራ ሰዎች መካከል አንዷ የጦር መኮንን ወይም የጦር መሣሪያ ነጋዴ ልጅ አይደለችም፤ የድሃ ገበሬ ልጅ ናት። አኒ ኦክሊ በሚለው የመድረክ ስሟ የታወቀችው ፊቢ አን ሞዚ እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1860 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ዳርክ በሚባለው አውራጃ፣ ከግንድ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ ጄኮብና ሱዛን ከፔንስልቬንያ ተነሥተው ወደ ኦሃዮ የፈለሱ፣ ጦርነትን የሚጠየፈውን የኩዌከር እምነት የሚከተሉ ሰዎች ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣች ልጅ ኋላ በጠመንጃ ስሟ መግነኑ የሚያስገርም ቢሆንም፣ ወደዚያ የወሰዳት የዝና ምኞት ሳይሆን ረኃብ ነበር።

አባቷ በብርዱ ወራት ከቤቱ ርቆ ሳለ የበረዶ ውሽንፍር ያዘው። ከዚያ ወዲህ ጤናው ሊመለስለት አልቻለም፤ በ1866 አረፈ። ሕፃናት ልጆችን ይዛ የቀረችው እናት እርሻውንም ቤቱንም ብቻዋን መሸከም አቃታት። ስለዚህ ፊቢ አን በ1870 ገና አሥር ዓመት ሳይሞላት የአውራጃው የድሆች መጠለያ ገባች። ከዚያም ልጅ ለመጠበቅ ተብላ ለአንድ ቤተሰብ ተሰጠች። ቃል የተገባላት በሳምንት 50 ሳንቲምና ትምህርት ቤት ነበር፤ ያገኘችው ግን ከባርነት የማይለይ ድካምና ዱላ ሆነ። በኋላ ዘመኗ እነዚያን ሰዎች ተኩላዎች እያለች ከማስታወስ በቀር ስማቸውን አንድም ቀን አልጠራችም። በመጨረሻም አምልጣ ወጣች፤ ቆይታም ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች።

በእናቷ ጎጆ ውስጥ የአባቷ አሮጌ ጠመንጃ ነበረ። ገና በስምንት ዓመቷ ገደማ ነበር በእርሱ አደን የጀመረችው። መሣሪያው ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ በኩል ገብተው በዘንግ የሚጠቀጠቁበት፣ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና ለማጉረስ ጊዜ የሚፈጅ ነበር። ለአዳኝዋ ሁለተኛ ዕድል አልነበራትም፤ የሳተች እንደሆነ ወፉም ይበራል፣ ባሩዱም ይባክናል፣ እራትም ይቀራል። ቃታውን ከመሳቧ በፊት ማየትን፣ መጠበቅንና መቁረጥን ያስተማራት ይህ ችግር ነው።

ያደነችውን ድርጭትና ጥንቸል ግሪንቪል በምትባለው ከተማ ለሚገኙ ባለሱቆች ትሸጥ ነበር። እነርሱም ሥጋውን እስከ ሲንሲናቲ ላሉ ሆቴሎች ይልኩታል። ሆቴሎቹ የእርሷን አደን የሚመርጡት እንስሳው ጭንቅላቱን ተመትቶ ስለሚመጣና ሥጋው ውስጥ እርሳስ ስለማይገኝ እንደነበር ይነገራል። በዚህ መንገድ ሳንቲም በሳንቲም ላይ እየጨመረች በአሥራ አምስት ዓመቷ የእናቷን እርሻ የያዘውን ዕዳ ከፍላ ጨረሰች። መሬት በዕዳ ከእጅ ሲወጣ ቤተሰብ እንዴት እንደሚበተን የሚያውቅ ሁሉ፣ የዚያች ልጅ የመጀመሪያው ታላቅ ድል በየትኛውም አደባባይ ያገኘችው ሜዳሊያ ሳይሆን ይህ እንደሆነ አይስተውም።

ፍራንክ በትለር የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ በየከተማው እየዞረ የተኩስ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ነበር። ሲንሲናቲ በደረሰ ጊዜ ከአካባቢው ተወላጅ ከሚመረጥ ማንኛውም ተኳሽ ጋር ለመወዳደር ገንዘብ አስያዘ። ተፎካካሪው ሆና የቀረበችው ቁመቷ ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም የማያልፍ ልጃገረድ ስትሆን ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም ይባላል። ሁለቱም እየተፈራረቁ ተኮሱ። በትለር የመጨረሻዋን፣ ሃያ አምስተኛዋን ወፍ ሳተ፤ እርሷ ግን ሁሉንም መታች። ገንዘቡን የተሸነፈው ሰው ቂም አልያዘም፤ ወደዳት፣ ተጋቡም። በ1882 የበትለር ባልደረባ ታሞ በቀረ ዕለት በእርሱ ቦታ መድረክ ላይ ወጣች፤ አኒ ኦክሊ የሚለውንም ስም ያዘች። ባልዋ ከእርሷ እንደምትበልጠው በማመን ቀስ በቀስ ከመድረክ ወርዶ ሥራ አስኪያጅዋ ሆነ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ባል ብርቅ ነበር።

በ1884 የላኮታ ሕዝብ መሪ የነበረው ሲቲንግ ቡል ትርኢቷን ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ተመልክቶ እጅግ ተደነቀ፤ እንደ ልጁ ቆጥሮም በቋንቋው ስም አወጣላት። በዓመቱ በ1885 ባልና ሚስቱ የቡፋሎ ቢልን የምዕራብ ምድር ትርኢት ተቀላቀሉ። አኒ በዚያ አደባባይ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆየች።

እዚህ ላይ የመሣሪያ ምርጫዋ ጉዳይ ይነሣል። በዚያ ዘመን የተወደደው ጠመንጃ በ1873 የወጣው ዊንቸስተር ነበር። ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍቶ በመመለስ ቀለህ ይወጣል፣ አዲስ ጥይትም ይጎርሳል። ዐረሩ 13 ግራም ያህል የሚመዝን፣ በ40 ግሬን ማለትም በ2.6 ግራም ጥቁር ባሩድ የሚወረወር አጭር ጥይት ነበር። አጭሩ ዓይነት፣ ካርባይን የሚባለው፣ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም አፈሙዝ ነበረው፤ 12 ጥይትም ይይዛል። ብዙም ሳይቆይ የኮልት ኩባንያ ይህንኑ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ሠራ። በዚህም አንድ ሰው በአንድ ዝናር ጥይት ሽጉጡንም ጠመንጃውንም ማጉረስ ቻለ። ዛሬ የሽጉጥ ጥይት የሚተኩስ ካርባይን የሚባለው መሣሪያ ሥሩ የሚመዘዘው ከዚህ ዘመን ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጥይት ጥቅም ከዝናሩ በላይ ነው። ከረጅሙ የጦር ሜዳ ጥይት ጋር ሲነጻጸር ትከሻን የሚገፋው በልኩ ነው፤ ተኳሹ ዓይኑን ከዒላማው ሳይነቅል ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ማስከተል ይችላል። ርቀቱ ግን አጭር ነው። ሩቅ ላለ ዒላማ የሚመረጥ አይደለም፤ በቅርብ ርቀት ፈጥኖ ለመምታት ግን የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ትርኢቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ሆኖም አደባባዩን ሺህ ሕዝብ ከብቦታል፤ ዒላማውን አልፎ የሚሄድ ዐረር ደግሞ ተመልካቹ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወረወሩት የመስታወት ኳሶች የሚመቱት ውስጡ ጥርስ በሌለው አፈሙዝና ደቃቅ እርሳስ በተሞላ ጥይት ነበር። ደቃቁ እርሳስ ብዙ ሳይርቅ ኃይሉን ጨርሶ ይወድቃል። መሣሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ከዒላማው ኋላ ያለው ነገር መሆኑን የትርኢቱ ሰዎች ያውቁ ነበር።

ዒላማ በሰሌዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ትንሽ መሣሪያ ታነሣለች። በ1893 ማርሊን የተባለውን፣ 22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ይዛ፣ ከ12 ያርድ ማለትም ከ11 ሜትር ርቀት ላይ 25 ጥይት በ27 ሴኮንድ ውስጥ ተኩሳ ሁሉንም በአንድ የተቦጫጨቀ ቀዳዳ አሳለፈቻቸው። ትንሽ ጥይት ድምፁም ምቱም አነስተኛ ነው፤ እጅን አያስደነግጥም፣ ዋጋውም ቀላል ስለሆነ ብዙ ለመለማመድ ያስችላል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘችው ግን በለንደን ነው። በ1887 ትርኢቱ የንግሥት ቪክቶሪያን 50ኛ የንግሥና ዓመት ምክንያት በማድረግ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። አኒ ከአገሩ ስመ ጥር ተኳሾች ጋር ፈጣኖቹን የእንግሊዝ ርግቦች ለመምታት ስትሞክር ውጤቷ እንደለመደችው አልሆነም። ችግሩ ከዓይኗ አልነበረም። ቻርለስ ላንካስተር የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ አኳኋኗን ካጠና በኋላ መሣሪያዎቿ እንደሚከብዷትና ሰደፋቸውም ለቁመቷ እንደማይስማማ ተረዳ። ቀለል ያሉ፣ ሰደፋቸው በእርሷ ትከሻና ጉንጭ ልክ የተበጀ 20 ቁጥር የሚባሉ ጠመንጃዎች ሠራላት። ከዚያ ወዲህ ርግቦቹ አላመለጧትም።

ይህ ልምድ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ አልተለያትም። ታላላቅ ፋብሪካዎች በወርቅ የተለበጡና በቅርጽ ያጌጡ ጠመንጃዎችን ቢያበረክቱላትም፣ ከሁሉ የሚበልጠው የእገሌ ፋብሪካ ነው ብላ አትፈርድም ነበር። በእርሷ እምነት የተሻለው ጠመንጃ ለተኳሹ አካል በሚገባ የሚስማማው ነው። ዛሬም በውድድር ሜዳዎች የሽጉጥ ጥይት የሚተኩሱ ካርባይኖች የራሳቸው ምድብ አላቸው፤ አብዛኞቹም 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ይተኩሳሉ። የጥንቱን የከብት ጠባቂዎች ዘመን በሚያስታውሱ ውድድሮች ደግሞ እነዚያ ባለ እጀታ ጠመንጃዎች አሁንም ይሰለፋሉ። ለሁሉም የሚነሡት ጥያቄዎች ግን የእርሷው ናቸው፦ ሰደፉ ለክንዴ ይመጥናል? ክብደቱን ሳልደክም ረጅም ሰዓት እይዘዋለሁ? ምቱ ዓይኔን ከዒላማ ያናውጣል? ጥይቱን እንደ ልቤ ለመለማመድ አቅሜ ይፈቅዳል?

ከ1889 የፓሪስ ዐውደ ርእይ በኋላ ስሟ አውሮፓን አዳረሰ። በ1894 ቶማስ ኤዲሰን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በሚያነሣበት ክፍል ቀርባ ስትተኩስ ተቀረጸች። በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ልትዋጋ ስትል የራሳቸውን መሣሪያና ጥይት የያዙ 50 ሴት ተኳሾችን ላሰልፍ ስትል ለፕሬዚዳንት ማኪንሊ ጻፈች፤ ጥያቄዋ ተቀባይነት አላገኘም። በ1901 የትርኢቱ ባቡር በሰሜን ካሮላይና ከሌላ ባቡር ጋር ተጋጭቶ ጉዳት ደረሰባት፤ ከቡፋሎ ቢል ጋርም በዚያው ተለያየች።

ከባቡሩ ግጭት ይልቅ ልቧን የሰበረው ግን በ1903 የመጣው ነው። የሄርስት ጋዜጦች አኒ ኦክሊ ለአደንዛዥ ዕፅ መግዣ ስትሰርቅ ተያዘች ብለው ጻፉ። በእውነት የተያዘችው በእርሷ ስም የምትነግድ ሌላ ሴት ነበረች። ወሬውን ሳያጣሩ የተቀባበሉት ጋዜጦች ብዙ ነበሩ። አኒ ዝም አላለችም፤ 55 ጋዜጦችን ከሰሰች፣ ለዓመታትም ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ስትመላለስ ኖረች። ከአንዱ በቀር በሁሉም ረታች ወይም ካሣ አገኘች። ለጉዞና ለጠበቃ ያወጣችው ከካሣው ቢበልጥም አላዘነችም፤ የፈለገችው ገንዘቡን ሳይሆን ስሟን ነበርና። እኛም ዜና ጸሐፊዎች ይህን የሕይወቷን ምዕራፍ ደጋግመን ብናነበው ይጠቅመናል።

በኋለኛው ዕድሜዋ በፓይንኸርስት፣ ሰሜን ካሮላይና ተቀምጣ ሴቶችን ተኩስ ታስተምር ጀመር። በዘመኗ ሁሉ ያስተማረቻቸው ሴቶች ብዙ ሺህ እንደሚሆኑ ይገመታል። ሜዳሊያዎቿን አቅልጣ ዋጋቸውን ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መርጃ እንደሰጠችም ይነገራል። በ1922፣ ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ 100 የሸክላ ዒላማዎችን በተከታታይ መታች። በዚያው ዓመት የመኪና አደጋ ደርሶባት እግሯ በብረት ድጋፍ እስኪቆም ድረስ ተጎዳች፤ ቢሆንም ጠመንጃዋን እንደገና አነሣች።

አኒ ኦክሊ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1926 በልጅነቷ ድርጭት በሸጠችባት በግሪንቪል ከተማ አረፈች። ፍራንክ በትለርም ከእርሷ በኋላ 18 ቀን ብቻ ኖሮ ተከተላት። ሁለቱም ከትውልድ ቀዬዋ በማይርቅ የገጠር መካነ መቃብር ጎን ለጎን ተቀብረዋል። ጠመንጃዎቿ በየቤተ መዘክሩ ይታያሉ፤ አደንን ያስጀመራት ግን ያ በአፈሙዙ የሚጎርስ የአባቷ አሮጌ መሣሪያ ነበር።