ሚርዛ ሐሰን ሩሽዲዬ፦ ሲያፈርሱባቸው መልሰው የከፈቱ መምህር

የተማረ ይግደለኝ ሲባል እየሰማን ላደግን ለእኛ ለዕጩ መምህራን፣ ሕዝብ ተሰብስቦ የገዛ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያፈርሳል ቢሉን ለማመን ይቸግረናል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት በኢራን አገር ይህ ደርሷል፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርበው በአገራቸው የአዲሱ ትምህርት አባት የሚባሉትን የሚርዛ ሐሰን ሩሽዲዬን የሕይወት ታሪክ ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚርዛ ሐሰን በ1851 በሰሜን ምዕራብ ኢራን በታብሪዝ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የእስልምና ሊቅ ስለነበሩ፣ ልጅየውም ወደ ናጃፍ ሄደው የሃይማኖት ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ታስቦ ነበር። ናጃፍ ኢራቅ ውስጥ የምትገኝ የሺዓ ሙስሊሞች ታላቅ የትምህርት ከተማ ናት። በዚህ መካከል ከውጭ አገር የሚመጣ አንድ የፋርስኛ ጋዜጣ እጃቸው ገባ። ጋዜጣው በአውሮፓ ከሺህ ሰው ማንበብ የማይችለው አሥር ብቻ ሲሆን፣ በኢራን ግን ከሺህ ሰው የሚያነበው አሥር ብቻ ነው ይላል። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። የናጃፍን መንገድ ትተው ወደ ቤይሩት ሄዱና መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። እንግዲህ ሰውዬው እንደኛው ዕጩ መምህር ነበሩ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የኢራን ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት መክተብ በሚባል ቤት ነበር። ነገሩ ከኛ አገር የቄስ ትምህርት ቤት ወይም ከቁርዓን ቤት ጋር ይመሳሰላል። ትልቁም ትንሹም መሬት ላይ ተቀምጦ ባንድ ላይ እየጮኸ ይደግማል። የፊደሉን ስም በቃል ለማጥናት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ላጠፋ ልጅ ደግሞ ፈለክ የሚባል፣ ሁለት እግሩ ታስሮ ውስጥ እግሩን የሚገረፍበት እንጨት አለ። ሚርዛ ሐሰን በበኩላቸው የፊደሉን ስም ትተው ድምፁን አስቀደሙ። ልጁ ድምፅን ከድምፅ አጋጥሞ ወዲያው ቃል እንዲያነብ አደረጉ። ወንበር፣ ጥቁር ሰሌዳና በክፍል መለያየትን አስገቡ። ለሕፃናትም የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጁ።

የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የከፈቱት በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው በየሬቫን ከተማ፣ ለሙስሊም ልጆች ነው። ሩሽዲዬ የሚለውም ስም የመጣው በቱርክ መንግሥት እንዲህ ተብለው ከሚጠሩት ትምህርት ቤቶች ነው። የኢራን ንጉሥ ናስር አል ዲን ሻህ ከአውሮፓ ጉዞው ሲመለስ ትምህርት ቤቱን አይቶ ወደደው፣ ወደ አገርህ ግባ ብሎም ጋበዛቸው ይባላል። ምን ያደርጋል፣ ባለሟሎቹ የተማረ ሕዝብ ለዙፋን እንደማይመች ሹክ ሲሉት ሐሳቡን ለወጠ። እሳቸው ግን ወደ ታብሪዝ ተመልሰው በገዛ እጃቸው ሥራ ጀመሩ።

መከራው የመጣው እዚህ ላይ ነው። የመክተብ አስተማሪዎች እንጀራቸው ሊቋረጥ ሆነ። ከሃይማኖት አባቶች አንዳንዶቹ አዲሱ ትምህርት ልጆችን ከእምነት ያስወጣል ብለው ከልባቸው ፈሩ። የትምህርት ቤቱ ደወል ሳይቀር የቤተ ክርስቲያን ደወል ይመስላል ተብሎ ተወገዘ። በስብከት የተነሳሳ ሕዝብ ከሃይማኖት ተማሪዎች ጋር ሆኖ መጥቶ ወንበሩን ሰባበረ፤ ተማሪዎቹንም ደበደበ። ሚርዛ ሐሰን ወደ ማሽሐድ ሸሹ። እዚያም ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ እሱም ተዘረፈ፣ እሳቸውም ተደብድበው እጃቸው ተሰበረ። ነገሩ ሲበርድ ተመልሰው ታብሪዝ ላይ እንደገና ከፈቱ። እንደገናም ፈረሰ። ቤቱ ሲፈርስ ቆመው እያዩ ይስቁ ነበር፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም ከወደቀው ጡብ እያንዳንዱ ነገ አንድ ትምህርት ቤት እንደሚሆን ተናገሩ ይባላል።

ታዲያ እኚህ ሰው ያሸነፉት እንዴት ነው? ሃይማኖትን በመስደብ አይደለም። የሊቅ ልጅ ናቸውና የሕዝቡን ልብ ያውቁታል። ደወሉ ካስቆጣ ይቅር ብለው በደወል ፈንታ አንድ ልጅ ከፍ ባለ ድምፅ ግጥም እያዜመ ተማሪውን እንዲጠራ አደረጉ። የሃይማኖት ትምህርትን ከክፍል አላስወጡም። የለቀቁት እንዲህ ያለውን ብቻ ነው፤ ልጅ በቶሎ ማንበብ አለበት የሚለውን ዋናውን ነገር አንድ ቀን እንኳ አልለቀቁም። ወላጅም ልጁ ደብዳቤ ሲያነብለት ሲሰማ፣ ትናንት የሰማው ወሬና ዛሬ ያየው ነገር አልገጥም አለው። የሕዝብ አስተያየት በአንድ ቀን ስብከት ይነሳሳል፤ የሚለወጠው ግን እንዲህ ቤት ለቤት ነው።

የሃይማኖት አባቶችም ቢሆኑ ሁሉም በአንድ ወገን የቆሙ አልነበሩም። በ1890 የትምባሆ ንግድ በሙሉ ለአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ከተሰጠ በኋላ፣ ታላቁ ሊቅ ሚርዛ ሐሰን ሺራዚ ትምባሆ እንዳይጨስ ባወጡት ውግዘት ሕዝቡ ማጨስ አቁሞ ንጉሡን ውሉን እንዲሰርዝ አስገድዶታል። ሚርዛ ሐሰን ሩሽዲዬም ደጋፊው ሹም አሚን አል ዶውላ በ1897 ወደ ቴህራን ጠርቷቸው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ሼህ ሃዲ ናጅማባዲ የተባሉት የሃይማኖት ሊቅ ከጎናቸው ቆመዋል። አሚን አል ዶውላ በ1898 ከሥልጣን ሲወርድ እኚህ ሊቅ ትምህርት ቤቱን አልተዉትም። ሰይድ መሐመድ ታባታባኢ የተባሉት ሌላው ታላቅ ሊቅ ደግሞ ራሳቸው አዲስ ዓይነት ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

በ1906 መንግሥትን ስለተቹ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዓይን አል ዶውላ ሚርዛ ሐሰንን ከሁለት ሰዎች ጋር ኮራሳን ውስጥ ወዳለችው ሩቅ ቦታ ወደ ካላት በግዞት ሰደዳቸው። በዚያው ዓመት ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያውና የሃይማኖት አባቱ አብሮ ተነስቶ ንጉሡ ሙዛፈር አል ዲን ሻህ ምክር ቤት እንዲፈቅድ ስላስገደደው፣ ግዞተኞቹ ተመለሱ። በ1911 ምክር ቤቱ የትምህርት ሕግ አወጣ። ትናንት በድንጋይ የተባረረው ሐሳብ የአገር ሕግ ሆነ።

ሚርዛ ሐሰን ሹመት ፈልገው አልዞሩም። በስተርጅና የሃይማኖት ሊቃውንት መናኸሪያ በሆነችው በቁም ከተማ ተቀምጠው ማስተማር ቀጠሉ። በ1944 በ93 ዓመታቸው እዚያው አርፈው ተቀበሩ። የተማሪዎች እግር በየቀኑ በሚያልፍበት ቦታ እንዲቀበሩ ምኞታቸውን ተናግረው ነበር ይባላል።

ከዚህ ታሪክ እኛ ምን እንወስዳለን? ነገ ተመድበን በምንሄድበት ቀበሌ፣ ልጄ ከብት ይጠብቅ የሚል አባት ይኖራል። ትምህርት ልጄን ከሃይማኖቱ ያወጣብኛል ብላ የምትሰጋ እናትም ትኖራለች። እነዚህን ሰዎች ኋላ ቀር ብለን ብንንቃቸው ልጆቻቸውን ይከለክሉናል። ፈርተናቸው ሥራችንን ብንተው ደግሞ ልጆቹ መሃይም ሆነው ይቀራሉ። ሚርዛ ሐሰን ያሳዩን ሦስተኛ መንገድ አለ። የሰውን ፍርሃት ሰምቶ መልስ መስጠት፣ መተው የሚቻለውን መተው፣ ማንበብን ግን አለመተው ነው። ትምህርት ቤት በግንቡና በቆርቆሮው አይጸናም፤ ወላጅ የኔ ነው ያለው ዕለት ግን የሚያፈርሰው አይገኝም።