ሮበርት ሁክና የቡሽ ቍራጭ

ሮበርት ሁክ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1635 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዋይት በምትባል ደሴት ተወለደ። በሕፃንነቱ ራስ ምታት ጸንቶበት ትምህርቱን ቢያቋርጥም፣ እጁ አላረፈም፤ የናስ ሰዓት አይቶ በእንጨት አስመስሎ ሠራ።

ካደገ በኋላ ቡሽ የሚሉትን የዛፍ ቅርፊት በተሳለ ሰንጢ ቈርጦ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው። ቀዳዳ ያለበት መሰለው፤ ነገር ግን አጥርቶ አላየውም። እንደ መሰለው ጽፎ ሊተወው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን እንደ ገና እጅግ አሳስቶ ቀረፈው። ቡሽ ሲቈርጡት ይፈረፈራልና ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ቅራፊው ነጭ ነበርና በጥቁር ሰሌዳ ላይ አኖረው፤ ብርሃንንም ጐበጥ ባለ መነጽር ሰብስቦ አበራበት። ያን ጊዜ እንደ ማር እንጀራ ያሉ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ታዩት። ሴልም ብሎ ሰየማቸው፤ በ1665 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ከነሥዕላቸው ገለጣቸው። የቡሹ ክፍሎች ባዶ ነበሩ፤ በለመለሙ አትክልቶች ግን ጭማቂ ሞልቶባቸው አገኘ።