ኒኮላይ ቫቪሎቭና የጣና ዳርቻ ሰብሎች

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ተወለደ። በ1927 ኢትዮጵያ ገብቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ከተገናኘ በኋላ በበቅሎ ተጉዞ እስከ ጣና ሐይቅና ጎንደር በመዝለቅ የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። በአንድ ማሳ ላይ በርካታ ዓይነት ተቀላቅሎ መብቀሉን ተመልክቶ፣ ሀገሪቱን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መደባት።

የዚህ ብዝኃነት አንዱ ምንጭ ሚዮሲስ ነው። ገብስ 7 ጥንድ ክሮሞሶሞች አሉት። የዘር ህዋስ ሲፈጠር እያንዳንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ተነጥሎ በራሱ ስለሚለያይ ከአንድ ዲቃላ ተክል 128 ዓይነት ቅንጅት ሊገኝ ይችላል፤ 14 ጥንድ ካለው ዱረም ስንዴ ደግሞ 16,384። ጥንዶቹ ከመለያየታቸው በፊት ክፋዮቻቸውን መለዋወጣቸው ቁጥሩን እጅግ ያበዛዋል። ይሁንና ሁለቱም ሰብሎች በአብዛኛው በራሳቸው ብናኝ ስለሚራቡ፣ አዲስ ቅንጅት የሚወለደው አልፎ አልፎ በሚከሰት መዳቀል ነው። የገበሬው የተቀላቀለ ዘር ለዚህ አጋጣሚ በር ይከፍታል፤ ይህ ውለታ ብዙም ሲነገርለት አይሰማም።

በሶቪየት ኅብረት ግን የሜንዴልን ሕግ የካደው የሊሴንኮ ወገን በረታ። ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ፤ በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረሃብ ተጎድቶ ሞተ። በዚያው ዘመን በተከበበችው ሌኒንግራድ ባልደረቦቹ የዘር ስብስቡን ሳይነኩ ጠበቁ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በረሃብ ሞቱ።