ከሴባስቶፖል በፊት ምፅዋ የቀረው ማሽን

እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። በኛ በደቡብ ወሎ የአፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሳ መቅደላና ሴባስቶፖል አብረው ይነሳሉ። የመድፉን ፎቶ በስልካችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ እኔ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ዋጋው ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለዱ። በ1840 ደባርቂ ላይ የግብፅ ጦር በመድፍ አሸነፋቸው። ያ ቀን ከልባቸው አልወጣም። በ1847 ደረስጌ ማርያም ነገሡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ። ክንዳቸው ወሎ ላይ ከባድ ነበር። ጀግና ስንላቸው ይህንንም አንርሳ።

ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን መድፍ አሠሯቸው። ከብዙ ሙከራ በኋላ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። በ1860 ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት 6 ወር ገደማ ተጎትቶ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ።

ግን እኮ መሣሪያ ማለት ብረት ማቅለጥ ብቻ አይደለም። ውስጡ ቀጥ ብሎ ካልተቦረቦረ፣ ጥይቱም በልኩ ካልገጠመ የባሩዱ ጉልበት በክፍተቱ ያመልጣል። የእንግሊዞቹ ስናይደር ጠመንጃ ከኋላ ይጎርሳል፤ አፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ መስመር ጥይቱን እያሽከረከረ አቅጣጫውን ያስጠብቀዋል። ያንን የሚቀርጸው ማሽን ነው።

ቴዎድሮስ ይህን አውቀዋል። በ1858 ባለሙያና ማሽን እንዲያመጣላቸው ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ እንግሊዝ ላኩት። የሚገርመው፣ እንግሊዝ ባለሙያዎቹን ከነዕቃቸው እስከ ምፅዋ ላከች። ነገር ግን ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ሳይፈቱ ወደ ውስጥ አይገቡም ተባለ። እስረኞቹ አልተፈቱም፤ ባለሙያዎቹም ተመለሱ። በምትካቸው የናፒየር ጦር መጣ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ከጋፋት ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። የንጉሡን ጦር ስናይደር አጨደው። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሽጉጥ ራሳቸውን ሰዉ።

ትምህርት ቤት የሚነግረን ስለ ጀግንነታቸው ነው፤ ልክ ነው። እኔ ግን ምፅዋ ድረስ መጥቶ የተመለሰው ማሽን ያንገበግበኛል። እውቀት በገንዘብ ይገዛል፣ በልመናም ይገኛል፤ ሰው አስሮ ማስመጣት ግን ለእሳቸውም አልሆነም። ሴባስቶፖልም እስካሁን መቅደላ ላይ አለ።