ጠርሙስ የማያሳየው፦ ጆርጅ አልበርት ቡላንዤ እና የኢትዮጵያ የዛፍ እንቁራሪቶች ምደባ

ከደብረ ወርቅ እስከ ደብረ ማርቆስ በተዘረጋው ደጋ ክረምት ሲገባ ከረግረጉና ከቁጥቋጦው የሚነሣው የእንቁራሪት ድምፅ ለአገሬው ሰው እንግዳ አይደለም። በሳይንስ መዝገብ ግን በጎጃም ደጋ ብቻ እንደሚኖር የሚታወቀው የዛፍ እንቁራሪት ስም ያገኘው በ1977 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ሌሎች ሦስት የኢትዮጵያ የዛፍ እንቁራሪቶችን ቀድሞ የሰየመው ጆርጅ አልበርት ቡላንዤ ከሞተ 40 ዓመት ሆኖት ነበር። ይህ ጽሑፍ የቡላንዤን ሕይወት በመቃኘት የምደባ ሥራው ያስገኘውንና ያመለጠውን ያሳያል።

ቡላንዤ በ1858 በብራስልስ ተወለደ። በ1876 በዚያው ከተማ ከነፃ ዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሳይንስ ተመርቆ በቤልጅየም የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሥራ ጀመረ። በ1880 አልበርት ጉንተር በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ያለውን የእንቁራሪት አስተኔዎች ስብስብ እንዲመዘግብ ጋበዘው፤ በ1882 የእንግሊዝ ዜግነት አግኝቶ በሙዚየሙ በቋሚነት ተቀጠረ። ከዚያ ዓመት እስከ 1896 ድረስ ስለ እንቁራሪት አስተኔዎችና ስለ ገበሎ አስተኔዎች ያዘጋጃቸው 9 የካታሎግ ቅጾች ለብዙ ዘመን የዘርፉ መሠረት ሆነው ቆይተዋል። በዕድሜው 556 እንቁራሪት አስተኔዎችን፣ 872 ገበሎ አስተኔዎችንና 1,096 ዓሣዎችን በአዲስ ዝርያነት እንደገለጸ ይነገርለታል።

የኢትዮጵያ እንቁራሪቶች ወደ እርሱ የደረሱት በጣሊያናውያን ሰብሳቢዎች በኩል ነው። በአንኮበር አቅራቢያ የነበረውን የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ የመራው ሐኪም ቪንቼንዞ ራጋዚ ከሸዋ የሰበሰባቸው ናሙናዎች በጄኖቫ ሙዚየም ተቀመጡ። ቡላንዤ ከነዚህ አንዱን መርምሮ የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት በ1896 በሰብሳቢው ስም ሰየመው። በ1898 ደግሞ የቪቶሪዮ ቦቴጎ ጉዞ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካመጣው ስብስብ ሁለት ዝርያዎችን ጨመረ፤ አንዱን በጉዞው አባል በቫኑቴሊ ስም፣ ሌላውን ሣርን በሚያመለክት የላቲን ቃል ግራሚኒየስ ብሎ ጠራቸው።

የቡላንዤ ዘዴ በአልኮል በተጠበቀ አካል ላይ የቆመ ነው። የዓይን ብሌን ቅርጽ፣ የላንቃ ጥርስ መኖርና አለመኖር፣ በጣቶች መካከል ያለው ስስ ቆዳ ስፋትና የጣት ጫፍ መጠን ወገንን ከወገን ይለዩለት ነበር። በዚህም መሠረት ሦስቱን ዝርያዎች በሁለት ወገኖች ከፈላቸው፤ ራጋዚንና ቫኑቴሊን በሂላምባቴስ፣ ግራሚኒየስን በሜጋሊክሳለስ ሥር አኖራቸው። ዘዴው ግልጽና ሌላ ተመራማሪ ሊደግመው የሚችል ነበር፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የዓለምን ስብስብ ለማስተያየት ያስቻለውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ጠርሙሱ የእንስሳውን ጥሪም ሆነ አኗኗር አያሳይም። ግራሚኒየስ ከዛፍ እንቁራሪቶች ቢወለድም ዛፍ ላይ የማይኖር፣ በሣር ምድር የሚውልና አፈር ውስጥ የሚቀበር ፍጡር መሆኑ የታወቀው በመስክ ጥናት ነው።

ቡላንዤ በ1920 ጡረታ ከወጣ በኋላ ወደ ጽጌረዳ ምደባ ዞረ፤ በ1937 በፈረንሳይ ሴን ማሎ አረፈ። በኢትዮጵያ ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ማልኮም ላርገን በ1977 የአገሪቱን የዛፍ እንቁራሪቶች እንደገና ሲመረምር ሦስቱም የቡላንዤ ዝርያዎች ጸንተው ተገኙ፤ ዛሬም ሌፕቶፔሊስ በተባለ አንድ ወገን ሥር ይገኛሉ። ላርገን የጎጃሙን ዝርያ ለይቶ በአጥቢ እንስሳት ተመራማሪው በዴሪክ ያልደን ስም ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ብሎ የሰየመው በዚሁ ሥራ ነው።

እንግዲህ የቡላንዤ ስሞች ሲጸኑ የወገን አከፋፈሉ ተለውጧል። ስሞቹ የጸኑት እያንዳንዱን ናሙና በጥንቃቄ ስለ ገለጸ ነው፤ የጎጃሙ ዝርያ የዘገየው ደግሞ የሰብሳቢዎቹ መንገድ ከዓባይ ወዲያ ማዶ ስለ ቀረ ነው። ስለዚህ ከመዝገብ መጥፋት ከምድር መጥፋትን አያመለክትም። በደጋው የተፈጥሮ ደን በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ብቻ በቀረበት በአሁኑ ዘመን፣ የጎጃምን እንቁራሪቶች ለሚያጠና ተመራማሪ የቡላንዤ ጥንቃቄና የክረምት ሌሊት የመስክ ሥራ በአንድነት ያስፈልጉታል።